ገደሉ ጸድቷል

ዛፍ እያጠበች የኖረች ሴት ናት። ቀልድ አይደለም። ሌላው ሰው ሳህን ያጥባል፣ መኪና ያጥባል፤ እሷ ዛፍ ታጥብ ነበር፤ ለዚያውም ተቀጥራ፣ የደንብ ልብስ ተሰፍቶላት።

ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት አደባባይ ማዶ፣ ያረጀ ደን አለ። የደን ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ነው ይባላል። ጽሕፈት ቤቱ ግን ደኑን የሚያውቀው በመስኮት ነው፤ እሷ የምታውቀው በብሩሽ ነበር። ጠዋት ባልዲዋን ትሞላለች፣ መሰላሉን ትከሻዋ ላይ ትጥላለች፣ የሽቦ ብሩሹን ቀበቶዋ ውስጥ ትሰካለች፣ ትገባለች። አንዱን ዛፍ ትይዝና ከላይ ወደ ታች ትፈገፍገዋለች፤ ትምህርት ቤት የረፈደበትን ልጅ እንደምታጥብ እናት፣ ያለ ርኅራኄ። ግንዱ ሲጸዳ እስከ ደረቷ ድረስ ኖራ ትቀባዋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የመጨረሻውን ስትጨርስ የመጀመሪያው ኖራውን ዝናብ አጥቦት ይጠብቃታል፤ እንደገና ትጀምራለች።

የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ ብሩሽ ይሏታል። ከጀርባዋ ሳይሆን ፊት ለፊት ነው የሚሏት። እሷም ብትሆን ስልክ ስታነሳ «ብሩሽ ነኝ፣ ማን ልበል?» ነው የምትለው።

የምትፈገፍገው፣ ሰው «የዛፍ ሽበት» የሚለውን ነገር ነው። የተማሩት ላይከን ይሉታል። አንዳንዱ ግንድ ላይ እንደ ደረቀ ቀለም የተለጠፈ ነው፤ አንዳንዱ ከቅርንጫፍ እንደ ጺም ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጠርዙ እንደ ሰላጣ ቅጠል የተኮማተረ ነው። ሥራ በጀመረች ጊዜ የነበረው አለቃ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዱን ግንድ በከዘራው እየነካካ «ይህ የዛፍ እከክ ነው። ደም መጣጭ ነው። ካልተነሳለት ዛፉን ይጨርሰዋል» አላት። ማን ነገረህ አላለችውም። እሱም የነገረውን ሰው ማን ነገረህ ያለው አይመስልም። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በክፉ ሰው ይመስለናል፤ እኔ ግን የማየው፣ ጎበዝ ሠራተኛ ሳይጠይቅ ሲታዘዝ የሚደርሰውን ነው። እሷ ደግሞ ዛፍ ትወድ ነበር። ስለምትወድ አጥብቃ ፈገፈገች።

ደኑ መሃል ጅረቱ የሚወርድበት ጥልቅ ገደል አለ። ከሁሉ ያረጁት ዛፎች ያሉት እዚያ ታች ነው። ጉሙ ቀትር ካልሆነ ከላያቸው አይነሳም። በተቀጠረችበት ዓመት ባልዲዋን አንጠልጥላ ወረደች። ገና አንድ ዛፍ ሳትነካ አረንጓዴ የለበሰው ድንጋይ አንሸራተታትና በጀርባዋ ሄደች፤ ባልዲው ቀድሟት ደረሰ። ክንዷ ወለቀ። እዚያ ተጋድማ ተጣራች፤ ማንም አልመጣም። ጽሕፈት ቤቱ ያን ቀን የሥራ ደኅንነት ስብሰባ ላይ ነበር። እንደ ምንም ብላ በአንድ እጇ እየዳኸች ወጣች፤ «ሁለተኛ እዚህ ብወርድ ከሰው አልቆጠርም» ብላ ማለች፤ ለቤተሰቧም ከመሰላል ወደቅሁ አለች።

በወሩ ስብሰባ አለቃው እንደ ልማዱ እያንዳንዱን የደኑን ክፍል ጠየቀ። «ምሥራቁ በር?»

«ጸድቷል።»

«የጅረቱ ገደልስ?»

«ጸድቷል» አለች። እንዲህ ቀላል ነበር።

በየወሩ ተጠየቀች፣ በየወሩ ጸድቷል አለች። አለቃ ተቀየረ፣ ጠረጴዛ ተቀየረ፣ የግድግዳው ቀለም ተቀየረ፤ ጥያቄውም መልሱም ያው ነበር። እኔን የሚያበሽቀኝ የእሷ ውሸት አይደለም። ከእነዚያ ሁሉ አለቆች መካከል ብድግ ብሎ «እስቲ ልየው» ያለ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ሽልማት መጣ። ምሳሌ የሚሆን ንጹሕ ደን ተባለ። ዋንጫው ከእንጨት የተፈለፈለ ነበር፤ ለደን የሚሰጥ ሽልማት ከእንጨት መሆኑ ማንንም አልኮሰኮሰውም። አሁን ያለው ኃላፊ ዋንጫውን ብድግ አድርጎ ይዞ፣ «በተለይ ገደሉ! ሌሎች ደኖች ገደላቸውን ረስተዋል። የእኛ እትዬ ብሩሽ ግን እስከ ታች ወርዳለች» ብሎ አስጨበጨበ። እሷ ጫማዋን አየች። ጫማዋ ንጹሕ ነበር።

ከሽልማቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የጣውላ ፋብሪካው እንጨት አነሰኝ አለ። ጽሕፈት ቤቱም አሮጌውን ደን ቆርጦ በምትኩ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ በመስመር ለመትከል አሰበ። አሰበ ስል አንድ ከሰዓት በኋላ ማለቴ ነው። ለእትዬ ብሩሽ የነገረቻት የኃላፊው ጸሐፊ ናት፤ በር ላይ ቆማ ቁልፍ እየፈለገች።

«እርስዎ ወደ ግቢው አጥር ይዛወራሉ። ቁጥቋጦ ነው፣ ቀላል ነው፣ መሰላል አይፈልግም።»

«ዛፎቹስ?»

«የትኞቹ?»

እትዬ ብሩሽ ዕድሜዋን ሙሉ ጀርባቸውን ስታሽላቸው የኖረችው፣ ከራሷ ወንድም ይልቅ ገላቸውን የምታውቀው ዛፎች ናቸው። የትኞቹ ይባላል?

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ሕጉ ያረጀ ደን ከመቆረጡ በፊት ሊጠፋ የተቃረበ ፍጥረት እንዳለበትና እንደሌለበት በባለሙያ ይታይ ይላል። ስለዚህ ላይከን የምታጠና አንዲት ዶክተር መጣች። ወጣት ናት፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማለች፣ አንገቷ ላይ አጉሊ መነጽር ተንጠልጥሏል። መንገድ እንድታሳያት እትዬ ብሩሽ ተመደበች። በሩን አልፈው ወደ ውስጥ እንደገቡ ዶክተሯ ቆመች። ነጫጭ ግንዶች በሰልፍ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ይህን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ብሩሽ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ተዘጋጅታ።

ዶክተሯ ኖራውን በጣቷ ነካች። የሚቀጥለውን ዛፍ አየች። ከሱ የሚቀጥለውንም።

«ሁሉንም?»

«አንድ አይቀረኝም።»

ዶክተሯ ቦርሳዋን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ደከመሽ እንዴ ልጄ? ውኃ ላምጣልሽ?»

«አይ እማማ። ትንሽ ልቀመጥ።»

ተቀምጣ የምትፈልገውን ነገረቻት። አንድ ላይከን ነው። ቅጠሉ የሰው መዳፍ ያህላል፣ ላዩ እንደ ሳንባ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሲረጥብ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። «አንድ ፍጥረት ይመስላል እንጂ አብረው የሚኖሩ ፍጥረቶች ናቸው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል።»

«ባልና ሚስት ናቸዋ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ዛፉን ደግሞ ለራት ይበሉታል።»

«ማን አለዎት? ከዛፉ ምንም አይወስዱም። ላዩ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። የሚኖሩት በአየርና በዝናብ ነው።»

«ምንም አይወስዱም?»

«ምንም።»

እትዬ ብሩሽ ብሩሹን ከቀበቶዋ አውጥታ አየችው፤ መልሳ ሰካችው።

ዶክተሯ ቀጠለች። ይህ ላይከን ድሮ ከባሕሩ ዳር ኮረብታዎች አንስቶ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ ነበር። የሚኖረው ያረጀ ዛፍ፣ የማይደርቅ አየርና ጭስ የሌለበት ሰማይ ሲያገኝ ነው። አንዱ ከጎደለ ይሞታል። እድገቱ ከጥፍር ያዘግማል፤ ዛሬ ዛፍ ቢተከልለት ዛፉ እስኪያረጅ የሰው ትውልድ ያልፋል። ደኑ ሲቆረጥ፣ ፋብሪካው ሲያጨስ፣ የሚኖርበት ስፍራ እየተሸበሸበ ሄዶ አሁን በርግጥ አለ የሚባለው በሁለት ደኖች ብቻ ነው፤ እነሱም የማይተያዩ። ድሮ አንድ ሰው ከዚህኛው ደን የለቀመው፣ ደርቆ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ቅጠል ስላለ ነው እሷ የመጣችው።

«ደረጃው በጠና የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ ነው» አለች።

«ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃስ?»

«ከዱር ጠፍቷል የሚለው ነው።»

«አሃ።»

«እዚህ ካገኘሁት የተገኘበት ቦታ አይቆረጥም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ካላገኘሁት ግን የለም ብዬ ነው የምጽፈው። እውነቴን ነው የምልዎ እማማ፣ ይህን ግንድ እያዩ ሌላ ነገር መጻፍ አይቻልም። የቀረ ያልጸዳ ቦታ የለም?»

ገደሉ አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው። «የለም» አለች።

ማታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ራት ቀረበች። እሱ የፋብሪካው መጋዝ ላይ ይሠራል። ቤቱ የአባታቸው ነው፤ ሁለቱም ሳያገቡ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተበሻሸቁ አርጅተውበታል።

«እሰይ እትዬ!» አለ ሾርባውን እያማሰለ። «የሌላው ዛፍ ጭቃውን ይዞ ነው የሚመጣልን። ያንቺዎቹ ታጥበው፣ ተቀብተው፣ ሙሽራ መስለው ሊመጡ ነው። መጋዜም አይደነዝዝብኝም።»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«ምነው፣ አኮረፍሽ?»

«ገደሉን አላጸዳሁትም።»

«ታዲያ ነገ ታጸጂዋለሽ።»

«አንድም ቀን አጽድቼው አላውቅም።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ? እኔን በልጅነቴ ቆዳዬ እስኪላጥ ያጠብሽኝ አንቺ?»

«እኔ።»

«ሽልማቱስ?»

«እሱን ተወው።»

ስለ ላይከኑ ነገረችው። «እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «ደኑ ከተቆረጠ እኔ ሥራ አገኛለሁ። ካልተቆረጠ አርፌ እተኛለሁ። እኔን አትጠይቂኝ። ግን ከዚህ ሁሉ የቸገረሽ ምንድን ነው?»

«ስሜ ነዋ!»

«ስምሽ ብሩሽ ነው እትዬ። ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

በነጋታው ስብሰባ ነበር። ኃላፊው ዋንጫውን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ዶክተሯ ምንም እንዳላገኘች ለተሰብሳቢው ካስታወቀ በኋላ ወደ ፊርማው ሊያልፍ ሲል እትዬ ብሩሽ ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«ገደሉ አልጸዳም።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ባለፈው ወር ጸድቷል ብለውን ነበር።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እሱንም።»

«ሽልማቱን ያገኘን ጊዜስ?»

«ያኔማ በደንብ አድርጌ ነው የዋሸሁት።»

አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። ዋንጫውን አየ፣ እሷን አየ፣ ዋንጫውን ደግሞ አየ። «እትዬ ብሩሽ፣ ደክሞዎታል» አለ በለሰለሰ ድምፅ።

«አልደከመኝም።»

«እርስዎ የጽሕፈት ቤታችን ኩራት ነዎት። እንደርስዎ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ውሸታም ነው እየተባለ ስሙ እንዲጠፋ አልፈቅድም። ስሙን የሚያጠፉት ራስዎ ቢሆኑም እንኳ።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «ገደሉ ጸድቷል። ቀጣይ።»

ዶክተሯ እጇን አወጣች። «ወርጄ ልየው።»

«ምን ሊያዩ? ጸድቷል ተባለ እኮ።»

አያችሁ? ሴትዮዋ ስትዋሽ የሚያምናት ጠፍቶ አያውቅም፤ የተጠረጠረችው እውነቱን የተናገረች ቀን ነው። ይህ እዚያ ጽሕፈት ቤት ብቻ የሚሆን ነገር ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት።

ሁለቱ ሴቶች ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄዱ። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ገመዱን ይዞ «ለምን ሥራ ነው?» አለ።

«ለጽዳት» አለች እትዬ ብሩሽ። ፈረመላት።

ገደሉን በመቀመጫዋ ወረደች። ገመዱን ከላይ ዛፍ ላይ አስራ፣ ድንጋይ በድንጋይ እየተንፏቀቀች፣ የማታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እየጠራች። ዶክተሯ ከታች ሆና «ግራ እግርዎን! አይ፣ ሌላኛውን ግራ!» ትላታለች። ጉሙ አልተነሳም ነበር። ታች ሲደርሱ መጀመሪያ የታያቸው ዛፍ ግንድ የለውም ብትሉ ይቀላል፤ ከሥሩ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ድረስ በአረንጓዴ ሳንባ ተሸፍኗል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ጅረቱን ተሻግሮ ያለውም እንዲሁ። ቅጠሎቹ ውኃ ጠጥተው አብጠው ያበራሉ።

ዶክተሯ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ብዙ ቆየች፤ ስታወርደው ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

እትዬ ብሩሽ ዙሪያውን አየች። «ኧረ እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው!» አለች። ከልቧ ነው።

ከዚያ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ አናታቸውን አየች። ቅጠላቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንዱንም ቅርንጫፍ ድርቀት አልነካውም። ለውፍረታቸው የሦስት ሰው እቅፍ አይበቃም።

«አልሞቱም» አለች።

«እነማን?»

«ዛፎቹ። አለቃዬ ባለው ከሆነ ድሮ ማለቅ ነበረባቸው።» ወደ ገደሉ አፋፍ ቀና ብላ ጨመረች፦ «እኔስ ላይ ያሉትን ስፈገፍግ የነበረው ለምንድን ነው?»

ዶክተሯ መልሱን ታውቃለች፤ አልነገረቻትም። ለዚህ አከብራታለሁ።

ሕጉ ሥራውን ሠራ፤ ሕግ እንደሚሠራው። ገደሉ ተከለለ። ዶክተሯ ዙሪያው ሰፊ ደን ካልቀረ ፀሐይና ነፋስ ገብቶ ያደርቀዋል፣ ላይከኑም ቀስ ብሎ ይሞታል ብላ ጻፈች፤ ስልክ ደወለች፤ ደጅ ጠናች። ጽሕፈት ቤቱ ከጠየቀችው ላይ ጠባብ መቀነት የምታህል ሰጣት። ሌላው ሊቆረጥ ተወሰነ፣ ምክንያቱም ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም። ምንም እንዳይኖርበት ያደረገችው ደግሞ እትዬ ብሩሽ ናት፤ በገዛ እጇ፣ በፍቅር፣ ደመወዝ እየተከፈላት። ያዘዟት ሰዎች እጅ ላይ አንዲት የኖራ ጠብታ የለችም።

በዚያው ሳምንት ገደሉን ባለማጽዳቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በዚያው ሳምንት ገደሉ አፋፍ ላይ «ማጽዳት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ሁለቱንም የፈረመው ኃላፊው ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ።

መጋዙ ሲጮኽ እሷ ቤት አልተቀመጠችም፤ አደባባዩ ላይ ቆማ አየች። ወንድሟ ማታ ሲገባ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ኮቱ ሁሉ ነጭ ነበር፤ የእንጨት ብናኝ ሳይሆን የኖራ። በሩ ላይ ቆሞ አራገፈ። እንድትስቅበት ጠበቀ። አልሳቀችም። እሱም ያን ማታ አልቀለደም፤ ሾርባውን ጠጥቶ «ታጥቤ ልተኛ» አለ፣ ከዚያ ማለት ያልነበረበትን ቃል እንዳለ ገብቶት አፉን ያዘ።

እሷን የገደሉ ጠባቂ አደረጓት። ከሰው ሁሉ ገደሉን የምታውቀው እሷ ናት ተባለ። ደረጃ ተሠራላት፣ ታች ድረስም የእግር መንገድ ወጣ። ዶክተሯ አልፎ አልፎ ትመጣለች። አንድ ቀን የላይከኑን ካርታ ይዛ መጣች፤ ሦስተኛ ነጥብ ተጨምሮበታል። የላይከኑ የአደጋ ደረጃ ግን አልተለወጠም።

«ይህን ሁሉ ተንፏቅቄ?» አለች እትዬ ብሩሽ።

«ሦስተኛው ነጥብ ባይኖር ይብስ ነበር።»

«ነጥቡ ይቆያል?»

«መቀነቱ ጠባብ ነው። ካልተነካ… እንጃ። አንድም ዛፍ መነካት የለበትም እማማ።»

ኃላፊው የመጣው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ እንግዶች አስከትሎ። ገደሉ አሁን የጽሕፈት ቤቱ ኩራት ሆኗል፤ ባገኘው መድረክ ሁሉ «እኛ ያኖርነው» ይላል። እንግዶቹ ጫማቸው ያበራል። ከኋላ አንድ አዲስ የተቀጠረ ጎልማሳ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ተከትሏቸዋል።

«እትዬ ብሩሽ! ደህና ነዎት?» አለ ኃላፊው ከደረጃው ሥር። «ለእንግዶቻችን ሲባል፣ ፎቶም ስለሚነሳ፣ እዚህ መንገዱ ዳር ያሉትን ብቻ… ሁሉንም አይደለም… ትንሽ ጸዳ ጸዳ ይበሉ ብዬ ነው። ማን ያየዋል ደግሞ? ማንም ሳያይ ማሳለፉን እርስዎም ሲችሉበት ኖረዋል።»

መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ባንድ ወገን ዓለት ነው፣ በሌላው ወገን ጅረቱ። እትዬ ብሩሽ መሃሉ ላይ ተቀመጠች፤ እግሮቿንም ዘረጋች።

«ምነው? አሞዎት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«መንገዱን እኮ ዘጉት።»

«አዎ።»

«እንግዶች ናቸው!»

«እንኳን ደህና መጡ። ከዚህም ይታያል።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ሌላው ጫማውን አየ። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ እንዳያስጽፉኝ» አላት።

«ጻፈዋ» አለችው። አንቱታውን የት እንደጣለችው እሷም አላወቀችም። ከዚያ ከእሱ ትከሻ በላይ ጎልማሳውን ተጣራች። «ወንድሜ! ባልዲው ከብዶሃል። ውኃ ብቻ ከሆነ እዚያው ድፋው። ኖራ ካለበት ይዘኸው ውጣ።»

ጎልማሳው ኃላፊውን አየ። ባልዲውን አየ። በርግጥም ከብዶት ነበር።

ኖራ ነበር። ባልዲውን ይዞ ዞሮ ደረጃውን ወጣ። እንግዶቹም ጫማቸውን እየጠበቁ ተከተሉት፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነም ኃላፊው የመጨረሻው ሆነ።